የግል ጄት ኮንትራት ከመያዝዎ ወይም ያገለገለ ከመግዛትዎ በፊት

የግል ጄት ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ነጭ የቆዳ ወንበርና የታዋቂ ሰው ፎቶ ነው። ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ማሽን የቆመበት ፋብሪካ ባለሙያ የሚያደርስ አለ። የኩባንያ ኃላፊዎችን በአንድ ቀን ሦስት ከተማ አዙሮ ማታ ቤታቸው የሚመልስ አለ። አልጋና ኦክስጅን ተገጥሞለት በሽተኛ የሚያመላልስም አለ። የኛም ሰው ከዚህ ገበያ ሩቅ አይደለም። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሚነግድ፣ ባለሀብቶችን ይዞ የሚዞር፣ ወይም የታመመ ወላጁን በአስቸኳይ ሌላ አገር ሆስፒታል ማድረስ ያለበት ሰው አንድ ቀን "ጄት ኮንትራት ስንት ነው?" ብሎ ሊደውል ይችላል። አቅሙ ያለው ደግሞ ያገለገለ ለመግዛት ያስብ ይሆናል።

የሚያሳስበኝ ነገሩ ሁሉ ከዋጋ መጀመሩ ነው። ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የውስጡን ፎቶ ያያል፣ ከዚያ ይከፍላል። በሙያው የቆዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ወረቀት ነው። ሲከራዩ የኦፕሬተሩን፣ ማለትም በረራውን የሚያካሂደውን ኩባንያ፣ ፈቃድ ያያሉ። ሲገዙ የአውሮፕላኑን የጥገና መዝገብ ያያሉ። ብዙ አደጋና ብዙ ኪሳራ አስቀድሞ እዚያ ወረቀት ላይ ይታያል።

ትልቁ የግል ጄት ገበያ አሜሪካ ስለሆነ በአሜሪካ ሕግ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ አውሮፕላን፣ ሁለት ሕግ

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ በረራዎችን በተለያየ የሕግ ክፍል ያስተዳድራል። አንድ ባለሀብት የራሱን ጄት ለራሱ ጉዳይ ሲያስበር "ክፍል 91" በሚባለው ሥር ነው። ሌላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሲሳፈር "ክፍል 135" ይመጣል። መደበኛ አየር መንገዶች ደግሞ በ"ክፍል 121" ይተዳደራሉ።

በ91 እና በ135 መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። በክፍል 91 አብራሪው በቀን ስንት ሰዓት ሊበር እንደሚችል የተቀመጠ ጣሪያ የለም። በክፍል 135 ሁለት አብራሪዎች ያሉት ቡድን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ እንዲበር አይመደብም። የእረፍት ሰዓቱም በሕግ የታወቀ ነው። አብራሪዎቹ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ፕሮግራም ውስጥ ይገባሉ፣ በየጊዜው ይፈተናሉ። የሚያርፉበት ሜዳም ትርፍ ርዝመት እንዲኖረው ይሰላል። በመደበኛው ደንብ ጄቱ በመንደርደሪያው 60 በመቶ ውስጥ አርፎ መቆም የሚችል መሆን አለበት። ቀሪው 40 በመቶ ለዝናብ፣ ለስህተት፣ ላልታሰበ ነገር የተተወ ነው። የራሱን ጄት ለራሱ የሚያስበር ሰው ይህን ትርፍ እንዲተው ሕጉ አያስገድደውም።

አንዱ አውሮፕላን ከነአብራሪዎቹ ጠዋት በአንዱ ሕግ፣ ከሰዓት በሌላው ሊበር ይችላል። ተሳፋሪው በዓይኑ አይቶ አይለየውም። ችግሩ የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። የክፍል 135 ፈቃድ ማውጣት ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። አንዳንዱ የጄት ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ፈቃዱን ሳያወጣ ሰው አሳፍሮ ገንዘብ ይቀበላል። ዋጋው ከሌላው ይቀንሳል። ደንበኛውም ጥሩ ዋጋ ያገኘ ይመስለዋል።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2005 የሆነውን ልንገራችሁ። ቴተርቦሮ ኒውጀርሲ ውስጥ ያለ፣ የኒውዮርክ ሀብታሞች የግል ጄት የሚሳፈሩበት ኤርፖርት ነው። በዚያ ጠዋት አንድ ቻሌንጀር 600 ጄት 8 መንገደኞች ይዞ ወደ ቺካጎ ለመነሳት ተንደረደረ። አብራሪው መሪውን ሲስበው አፍንጫው አልነሳ አለ። ጄቱ መንደርደሪያውን ጨርሶ ወጣ፣ መኪና የሚርመሰመስበትን ሩት 46 አውራ ጎዳና አቋረጠ፣ ከማዶ ያለ መጋዘን ጋር ተላተመ። ሁለቱ አብራሪዎችና መንገድ ላይ መኪና ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ክፉኛ ተጎዱ። ሰው አለመሞቱ ተአምር ነው።

መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት የክብደት ስሌት ነበር። የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛን ከተፈቀደው ወሰን አልፎ ወደ ፊት አዘንብሏል። ምርመራው ሲቀጥል ሌላ ነገር ወጣ። ፕላቲነም ጄት ማኔጅመንት የተባለው አከራይ የራሱ የክፍል 135 ፈቃድ አልነበረውም። በሌላ ኩባንያ ፈቃድ ተጠልሎ ነበር የሚሠራው። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ኩባንያው ነዳጅ ርካሽ በሆነበት ቦታ ከልክ በላይ እየሞላ፣ የክብደት ወረቀቱን እያስተካከለ ይበር ነበር ብሎ ከሰሰ። ኃላፊዎቹ በወንጀል ተፈረደባቸው። መንገደኛ ይህን ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ኳስ የሚከታተል ሰው ደግሞ የኤሚሊያኖ ሳላን ታሪክ ያስታውሳል። አርጀንቲናዊው አጥቂ ከፈረንሳዩ ናንት ወደ ካርዲፍ ተዛውሮ ነበር። ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ማታ ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲጓዝ የተሳፈረባት ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ እንግሊዝ ቻናል ባሕር ውስጥ ወደቀች። ጄት አይደለችም፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው። አብራሪው መንገደኛ በክፍያ ለማጓጓዝ ፈቃድ አልነበረውም። በሌሊት ለመብረርም ብቁ አልነበረም። የእንግሊዝ መርማሪዎች አብራሪው በካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይመረዝ እንዳልቀረም ገልጸዋል። በረራውን ያቀናበረው ሰው በ2021 የ18 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ሳላ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ነገሩ በአንድ ጥያቄ ሊደረስበት ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

ስልኩን ሲደውሉ

ስልኩን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ደላላ ነው። ድለላ ነውር የለበትም። ጥሩ የቻርተር (የኮንትራት በረራ) ደላላ ደርዘን ኦፕሬተሮችን ያውቃል፣ ያወዳድራል፣ አውሮፕላን ሲበላሽ ሌላ ይተካል። ግን ደላላው አውሮፕላኑን አያበርም፣ ለበረራውም በአቪዬሽን ሕግ አይጠየቅም። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ2019 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አውጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት ደላላው ደላላ መሆኑን፣ በረራውን የሚያካሂደው ኩባንያ ማን እንደሆነ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ጠቅላላ ዋጋውን መግለጽ አለበት። "ኦፕሬተሩን ከከፈሉ በኋላ እነግርዎታለሁ" የሚል ካጋጠመዎት ስልኩን ዝጉት።

የኦፕሬተሩን ሕጋዊ ስምና የፈቃድ ቁጥሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። የአውሮፕላኑን ምዝገባ ቁጥርም ይጠይቁ፣ ያ ጭራው አካባቢ የሚጻፈው ነው። ኩባንያው ፈቃድ አለው መባሉ ብቻውን አይበቃም። ያ አውሮፕላን፣ ያ ቁጥር፣ በኩባንያው ፈቃድ ዝርዝር ላይ መስፈር አለበት። ፈቃድ ያለው ኩባንያ ፈቃዱ ላይ ያልሰፈረ አውሮፕላን ሲልክ የታየበት ጊዜ አለ። የኢንሹራንስ ወረቀቱንም ያስልኩ። አርገስ እና ዋይቨርን የሚባሉ የደህንነት ገምጋሚ ድርጅቶች አሉ። ለአንድ የተወሰነ ጉዞ አብራሪዎቹንና አውሮፕላኑን አጣርተው ሪፖርት ይሰጣሉ። ደህና ደላላ ይህን ሪፖርት ሳይጨቃጨቅ ያመጣል።

አንድ ወጥመድ ለብቻው ልጥቀስ። "ቻርተር አይደለም፣ ሊዝ ነው" የሚባል ነገር አለ። አውሮፕላኑን በአንድ ውል ይከራያሉ፣ አብራሪዎቹን በሌላ ውል ይከፍላሉ። ወረቀቱ ላይ የበረራው ተቆጣጣሪ እርስዎ ነዎት ይላል። አውሮፕላንና አብራሪ በእርግጥ ከተለያየ ቦታ ከመጡ ይህ ሕጋዊ አሠራር ነው። ሁለቱም ከአንድ እጅ ከመጡ ግን ፈቃድ ለማምለጥ የተሠራ ሽፋን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፈራሚው ሳያውቀው በሕግ የበረራው ኃላፊ ይሆናል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ጠበቃ ሳያነበው እንዲህ ያለ ውል ላይ መፈረም የለብዎትም።

ሂሳቡ ውስጥ ያለው

በአሜሪካ ገበያ እንደ ሳይቴሽን ሲጄ3 ወይም ፌኖም 300 ያለ ትንሽ ጄት በሰዓት ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ዶላር ግድም ይጠየቅበታል። እንደ ገልፍስትሪም ጂ550 ያለው ትልቁ 10 ሺህን ያልፋል። ይህ የሰዓት ዋጋ ግን የሂሳቡ መጀመሪያ ነው። ጄቱ የሚኖረው ፍሎሪዳ ሆኖ እርስዎ ከዋሽንግተን የሚሳፈሩ ከሆነ ባዶውን የሚመጣበትንም የሚመለስበትንም ይከፍላሉ። ብዙ ኩባንያዎች በቀን ቢያንስ የ2 ሰዓት ክፍያ ያስከፍላሉ፣ በረራው 40 ደቂቃ ቢሆንም። አብራሪዎቹ የሚያድሩበት ሆቴል፣ የማረፊያና የመሬት አገልግሎት፣ ምግብና ኢንተርኔት ይጨመራል። የአገር ውስጥ በረራ ላይ 7.5 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለ። በክረምት ክንፉ ላይ የተጋገረውን በረዶ በኬሚካል ማጠብ ብዙ ሺህ ዶላር ሊፈጅ ይችላል። ይህኛው ሂሳብ ከጉዞ በኋላ ስለሚመጣ ሰው ያስደነግጣል። "ሁሉን ያካተተ ነው?" ብሎ መጠየቅ፣ ያልተካተተውንም በዝርዝር ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ርካሽ የሚገኘው ባዶ የሚመለስ ጄት ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ያንን ጉዞ ለማንኛውም ስለሚበር በግማሽ ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ግን የዋናው ደንበኛ ዕቅድ ከተቀየረ የእርስዎም በረራ ይቀራል። ቀጠሮ ወይም ሠርግ ያለበት ሰው አይመካበት።

ሰዓት ቀድሞ የሚሸጥ የጄት ካርድም አለ። 25 ሰዓት ገዝተው በፈለጉት ጊዜ ይጠቀማሉ። ምቹ ነው። ግን የከፈሉት ገንዘብ የት ተቀምጧል? ጄትስዊት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኤፕሪል 2020 በወረርሽኙ መሀል ለኪሳራ ሲያመለክት፣ ቀድመው የከፈሉ ደንበኞች መያዣ ከሌላቸው አበዳሪዎች ተርታ ቆሙ። ገንዘቡ በዝግ ሂሳብ ተለይቶ የሚቀመጥበት ካርድ ካለ ያንን መምረጥ ይሻላል፣ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም።

መግዛት መቼ?

በሙያው የሚነገር ግምታዊ መለኪያ አለ። በዓመት ከ50 ሰዓት በታች የሚበር ሰው ቢከራይ ይሻለዋል። ከ50 እስከ 200 ሰዓት ገደማ የሚበር ከሌሎች ጋር የአንድ አውሮፕላን ድርሻ ቢገዛ ያዋጣዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ አውሮፕላን መግዛት ትርጉም ይሰጣል። የድርሻ ግዢን በ1986 የጀመረው ዛሬ ኔትጄትስ የምንለው ኩባንያ ነው። የባለሀብቱ ዋረን ባፌት ኩባንያ በርክሻየር ሃታዌይ በ1998 በ725 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። አንድ አሥራ ስድስተኛ ድርሻ በዓመት 50 ሰዓት ያህል ያስበርራል።

ሙሉ አውሮፕላን የገዛ ሰው ቢበርም ባይበርም ይከፍላል። ሁለት አብራሪ ደመወዝ ይፈልጋሉ። በየዓመቱ በሲሙሌተር ይሠለጥናሉ። ሃንጋር፣ ኢንሹራንስ፣ የካርታና የሶፍትዌር ክፍያ፣ የአስተዳዳሪ ኩባንያ ክፍያ አለ። መካከለኛ ጄት እንኳ ከመሬት ሳይነሳ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ በቀላሉ ይበላል። ሻጭ "ስታከራየው ራሱን ይከፍላል" ሊል ይችላል። ኪራይ ወጪውን ይቀንሳል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ሰዓቱ በፍጥነት ይቆጥራል፣ ወንበሩ ያልቃል፣ እርስዎ በሚፈልጉት ቀን ሌላ ሰው ይዞት ይገኛል። ከኪራይ ገቢ አትርፎ የሚኖር ባለቤት እምብዛም አይታይም።

አሜሪካ ውስጥ የታክስ ጉዳይም ገዢውን ይገፋዋል። በ2017 የወጣው የታክስ ሕግ ያገለገለ አውሮፕላን ለሥራ የገዛ ሰው ሙሉውን ዋጋ በአንድ ዓመት ከገቢው እንዲቀንስ ፈቀደ። ከ2023 ጀምሮ ቅናሹ እየወረደ ሄደ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ወደ 100 በመቶ መለሰው። ይህ የሚሠራው አውሮፕላኑ በእርግጥ ለሥራ ከዋለ ነው። ሲሸጡት ደግሞ የቀነሱት ታክስ ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል። ለታክስ ብሎ ጄት መግዛት አይመከርም።

ርካሹ ጄት

ማስታወቂያ ሲያዩ የሚገርም ነገር ያጋጥማል። አዲስ በነበረበት ዘመን ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ገልፍስትሪም 4 ዛሬ በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ይሸጣል። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ ከአህጉር አህጉር ይሻገራል። ዋጋው ሲወርድ ግን ወጪው አብሮ አልወረደም። በሰዓት ከ400 ጋሎን በላይ ነዳጅ ይጠጣል። ጎማው፣ መስታወቱ፣ ሞተሩ ዛሬም የሚጠገነው በ20 ሚሊዮን ዶላር አውሮፕላን ዋጋ ነው። የግዢውን ዋጋ ብቻ አይቶ የገባ ሰው የመጀመሪያው ከባድ ፍተሻ ሲደርስ ይሰበራል።

ሕግም ጄትን ሊገድል ይችላል። አሜሪካ ከ2015 መጨረሻ በኋላ ጫጫታቸው ከተወሰነው ደረጃ በላይ የሆኑ አሮጌ ጄቶችን ከሰማይዋ አገደች። እንደ ገልፍስትሪም 2፣ ገልፍስትሪም 3 እና የመጀመሪያዎቹ ሊርጄቶች ያሉት የድምፅ መቀነሻ ካልተገጠመላቸው ዋጋቸው ወደ ቁራጭ ብረት ወረደ። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ደግሞ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያስተላልፍ መሣሪያ በአብዛኛው የአሜሪካ የአየር ክልል ግዴታ ሆነ። ያልተገጠመለት ጄት ርካሽ ይሆናል፣ መግጠሚያው ግን ርካሽ አይደለም።

የአምራቹ ዕጣም አለ። ሆከር 4000 የሚባል ጄት ነበር። ገላው ከካርቦን የተሠራ፣ ለዘመኑ የላቀ፣ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠ። ሆከር ቢችክራፍት በሜይ 2012 ለኪሳራ አመለከተ። ኩባንያው በ2013 ሲያንሰራራ ጄት መሥራት ትቶ ነበር። የሆከር 4000 ባለቤቶች የተገባላቸው ዋስትናም ተሰረዘ። አውሮፕላኑ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ መለዋወጫና ባለሙያ ማግኘት ከበደ። ዋጋው ተንኮታኮተ። ስለዚህ በብዛት የተሠራ፣ አምራቹ ወይም ወራሹ ዛሬም ዕቃ የሚያቀርብለት ሞዴል መምረጥ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ያገለገለ ጄት ዋጋ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በብዛት የሚገኘውን ሆከር 800ኤክስፒ እንውሰድ። የተገጠመለት ሃኒዌል ቲኤፍኢ731 ሞተር በየ2,100 ሰዓቱ አንድ ትልቅ ፍተሻ፣ በ4,200 ሰዓት ደግሞ እስከ ውስጡ የሚከፈትበት ከዚያ የከበደ ፍተሻ አለው። ሁለት ሞተር ነው ያለው። የሁለቱ ከባድ ፍተሻ ወጪ የአሮጌውን አውሮፕላን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ሆከሮች፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ አንዱ ፍተሻውን የጨረሰ፣ ሌላው 100 ሰዓት የቀረው፣ በዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው።

ይህን ስጋት ለመቀነስ የሰዓት መዋጮ ፕሮግራሞች አሉ። ሃኒዌል፣ ሮልስሮይስ፣ ፕራት ኤንድ ዊትኒ የየራሳቸው አላቸው። ጄኤስኤስአይ የተባለ ገለልተኛ ድርጅትም አለ። ባለቤቱ በበረረው ሰዓት ልክ ይከፍላል፣ ፍተሻው ሲደርስ ፕሮግራሙ ይሸፍናል። ሻጭ "ፕሮግራም ላይ ነው" ሲል ግን ሁለት ነገር ይጠየቃል። ክፍያው እስከ ዛሬ ተከፍሏል? ወደ አዲሱ ባለቤት ይተላለፋል? መልሱ ከፕሮግራሙ ድርጅት በጽሑፍ መምጣት አለበት።

ገላውም የራሱ ቀን አለው። ጄት ባይበርም ዕድሜው ይቆጠራል። ፋልኮን 2000 ላይ ሲ ቼክ የሚባለው ከባድ ፍተሻ በየ6 ዓመቱ ይመጣል። ማረፊያ እግሩ በ12 ዓመቱ ወርዶ ይታደሳል። "ትንሽ ነው የበረረው" የሚለው ቃል ደስ ይላል፣ ግን ለረጅም ጊዜ የቆመ ጄት፣ በተለይ ባሕር ዳርቻ የቆመ፣ ዝገት ይዞ ይገኛል።

ያገለገለ መኪና ስንገዛ መካኒክ ይዘን እንደምንሄድ፣ እዚህም ቅድመ ግዢ ፍተሻ አለ። ዋናው ነገር ፍተሻው የሚደረግበት ድርጅት እስከ ዛሬ ያንን አውሮፕላን ሲጠግን የኖረው እንዳይሆን ነው። የራሱን ሥራ የሚገመግም ሰው የራሱን ጉድ አይጽፍም። ሞተሩ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ካሜራ ገብቶ ይታያል። ወለሉ ተነስቶ መጸዳጃና ወጥ ቤት ሥር ያለው ብረት ይፈተሻል፣ ፈሳሽ የሚጠራቀመውና ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ የሙከራ በረራ ይደረጋል። በውሉ ላይ ለመብረር ብቁነት የሚያስፈልገውን ጥገና ሻጭ እንደሚሸፍን ቀድሞ መጻፍ አለበት። ቀብዱም ፍተሻው እስኪያልቅና ገዢው ተቀብያለሁ እስኪል ድረስ የሚመለስ መሆን አለበት።

እኔ ግን ከብረቱ ይልቅ መዝገቡ ላይ ረጅም ጊዜ ማጥፋትን እመክራለሁ። አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያለው ሎግቡክ ሙሉ መሆን አለበት። በሞተር ውስጥ ዕድሜያቸው የተወሰነ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ የት እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳና እንዳረፈ ሰነድ ይፈልጋል። ሰነዱ ከጠፋ ዕቃው ደህና ቢሆንም ተነቅሎ ይጣላል። ሎግቡክ የጎደለው ጄት ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ ሲሸጡትም ያንኑ ቅናሽ ይጠየቃሉ። ሐሰተኛ ሰነድም አለ። በ2023 መቀመጫውን እንግሊዝ ያደረገ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ የሐሰት ወረቀት ያላቸው የሞተር ዕቃዎች መሸጡ ተደርሶበት፣ በርካታ ትልልቅ አየር መንገዶች አውሮፕላን አቁመው ሞተር ከፍተዋል። እነሱ የደረሰባቸው በአንድ ግለሰብ ላይ እንደማይደርስ ዋስትና የለም።

የባለቤትነት ወረቀት ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኤፍኤኤ ምዝገባ ወረቀት የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። አውሮፕላኑ ባንክ የያዘው፣ ወይም የጥገና ዕዳ ያለበት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚጣራው ኦክላሆማ ሲቲ ባለው የኤፍኤኤ መዝገብ ቤት ነው። ከዚያ በተጨማሪ በ2001 የተፈረመው የኬፕታውን ስምምነት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ መዝገብ አለ፣ እሱም ይታያል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ናት። በአሜሪካ ቁጥር ለማስመዝገብ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። ሌላው ሰው በትረስት፣ ማለትም በሕጋዊ ባለአደራ፣ በኩል ያስመዘግባል፣ ወይም እንደ አይል ኦፍ ማን፣ ማልታና ሳን ማሪኖ ያሉ መዝገቦችን ይመርጣል።

ገንዘቡ በቀጥታ ለሻጭ አይሄድም። ኤስክሮ የሚባል ገለልተኛ ገንዘብ ያዥ ይቀበላል፣ ወረቀቱ ሁሉ ሲሟላ ይለቃል። በመጨረሻው ሰዓት "የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል" የሚል ኢሜይል ከመጣ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ሳያረጋግጡ አንድ ዶላር እንዳይልኩ። በዚህ መንገድ ሚሊዮኖች ተበልተዋል።

ጉዞው አዲስ አበባን የሚነካ ከሆነ

ብሮሹር ላይ "እስከ 4,600 ኪሎ ሜትር ይበራል" ሲባል ስሌቱ የተሠራው በባሕር ወለል ከፍታ፣ በመጠነኛ ሙቀት፣ ጥቂት ሰው ተጭኖ ነው። ቦሌ በ2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የቦሌ መንደርደሪያ ረጅም ስለሆነ ጄቱ ይነሳል፣ ግን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው አንድ ላይ ላይችል ይችላል። ዋሽንግተን የሚመላለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። ከፊት የሚመጣው ነፋስ ድርሻ አለው፣ ከፍታው ግን ዋናው ነው።

ስለዚህ ኦፕሬተሩን "አዲስ አበባ መሄድ ይችላል?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "ከቦሌ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ላይ፣ 7 ሰውና ሻንጣ ይዞ፣ ለንደን ሳይወርድ ይደርሳል?" ተብሎ ይጠየቃል፣ ስሌቱም በጽሑፍ ይመጣል። ሌሊት ወይም ማለዳ መነሳት ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ።

ፈቃድም አለ። የውጭ ቻርተር ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ከሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከዱባይ ያመጣዎት ጄት እዚያው ቆይቶ በክፍያ ላሊበላ አድርሶ ይመልሰኝ ቢሉ ሌላ ጉዳይ ይሆናል። በአንድ አገር ሁለት ከተሞች መካከል በክፍያ ሰው ማጓጓዝ በመሠረቱ ለዚያ አገር ኦፕሬተሮች የተጠበቀ መብት ነው። ለአገር ውስጡ ጉዞ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃድ ያለው አከራይ መያዝ ይቀላል።

በሽተኛ የሚያነሳ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልገዋል። አንዳንድ ሕመም፣ ለምሳሌ ሳንባ አካባቢ ወይም ጭንቅላት ውስጥ አየር የገባበት ሰው፣ የካቢኑ ግፊት በተቻለ መጠን ወደ መሬት ግፊት እንዲጠጋ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ ጄቱ ዝቅ ብሎ ይበራል፣ ነዳጁ ቶሎ ያልቃል፣ ያለ ማቆሚያ ይደርሳል የተባለው ጉዞ በመሀል ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያው አገር የማረፊያ ፈቃድ፣ አንዳንዴም ቪዛ ይጠይቃል። ሐኪሙና ኦፕሬተሩ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በስልክ ይነጋገሩ። የካቢኑ ግፊት፣ የኦክስጅኑ መጠንና የማረፊያው ቦታ በዚያ ንግግር ይወሰን፣ ከዚያ ዋጋው ይጻፍ።